ጌም የያዘች ሙሽራ

ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን በእጃቸው አበባ ይይዛሉ፤ እኔ ጌም ይዤ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ልጆች ጥግ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው የሚጫወቱበት፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ስክሪኑ የደበዘዘ አሮጌ ጌም። ከሠርጉ ፎቶዎች በአንዱ ላይ ከነጠላዬ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። የባለቤቴ አክስት ያን ፎቶ ባየች ቁጥር፣ «እንዴት ያለች ሙሽራ ናት፣ በሠርጓ ቀን እንኳ ጌም የማትተው!» ትላለች። እሷ እዚያው ቆማ የሆነውን ሁሉ በዓይኗ አይታለች፤ ማሾፍ ግን ትወዳለች። እናንተ ግን አልነበራችሁምና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ እኔ ፍረወይኒ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ መቀሌ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የምሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ከሰሜን ክፍለ ከተማ በሚኒባስ የምመላለስ ሴት ነበርኩ። ጌሙን የሰጠኝ እጮኛዬ ብሩክ ነው። ብሩክ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ እዚህ በመምህርነት መጥቶ ቃላሚኖ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛውን ጌም ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ያለው ካሴት ግን የጨዋታ አልነበረም። ሲከፈት የሚሮጥ ሰው የለም፣ የሚተኮስ ነገር የለም፤ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ አሥራ ስድስት ባዶ ሳጥኖች ብቻ።

በየሳጥኑ አንድ ድምፅ ታስቀምጣላችሁ። ባዶ የተዋችሁት ሳጥን ዝም ይላል። ጌሟ ከላይ ወደ ታች እያነበበች ትጫወታለች፤ ስትጨርስ ተመልሳ ከላይ ትጀምራለች። ያ ነው ሥራዋ። ዘፈን መሥሪያ ናት ማለት ነው፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ። ስልክ ላይ ከዚህ የተሻለ ሞልቷል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን ዘፈን ልሠራ ስል አለቃዬ ይደውላል። ደግሞ እኔ ክራር አልመታም፣ ድምፄም ለጓደኛ እንኳ የሚያሰሙት አይደለም። ጌሟ ይህን ሁሉ አትጠይቅም። ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤ ተቀምጬ፣ በሁለት አውራ ጣቴ ዜማ እቆልላለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ጌም የምጫወት ይመስለዋል።

ይህን ከሁሉ በላይ የምታምነው ጎረቤታችን ኣደይ ለተብርሃን ነበረች። ገበያ ስትወርድ አብራኝ ትሳፈራለች። አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን ታይና፣ «ኣንቲ ጓል፣ ሎሚኸ ስዒርኪዶ?» ትለኛለች። ዛሬስ አሸነፍሽ ወይ ማለቷ ነው። «ገና» እላለሁ። «ወይ ጉድ፣ ይሄ ጌም አያልቅም እንዴ!» ትልና ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ዘፈን እየሠራሁ ነው ብዬ መናገር ያሳፍረኝ ስለነበር እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አሁን ስለ አባቴ። አባቴ ኃይለ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ከበሮ መቺ። ጓይላ ሲጀመር፣ ሰው ክብ ሠርቶ ትከሻውን እየሰበቀ ሲዞር፣ ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ መሐል የሚገባው እሱ ነበር። አፉ አያርፍም፤ ይቀልዳል፣ ይተርባል፣ ሙሽራውን ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ምላሱ ተያዙ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ከአፉ የምትወጣ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፦ «ደሓን»።

ደሓን በእኛ አገር ደኅና ማለት ነው። እሱ ግን ለሁሉም ነገር ተጠቀመባት። ሲርበው ደሓን፣ ሲናደድ ደሓን፣ ቴሌቪዥኑ ሲያስጠላው ደሓን። የምንለየው በድምፁ አወጣጥ ነው፤ በዚህ ደግሞ ከእናቴ የሚወዳደር አልነበረም። ብሩክ ሽማግሌ የላከውም አባቴ ከታመመ በኋላ ስለሆነ፣ አባቴ የአማቹን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርቶት አያውቅም ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው ሠርጋችን ሊደርስ ሲል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የእሁዱን ሥርዓት ለመነጋገር የአባቴ ወንድም ሓወቦ ካሕሳይ ቤታችን መጡ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። የሚመርቀው አባት ነው፤ አባት ካልቻለ የአባት ወንድም። ሓወቦ ካሕሳይ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኃይለ እንደምታዩት ነው» አሉ። «ምርቃቱን እኔ እሰጣለሁ። እሱ አጠገቤ ይቀመጥና ራሱን ይነቅንቅ፤ ይበቃል።»

አባቴ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ደሓን! ደሓን! ደሓን!»

«ተመስገን፣ ተስማማ» አሉ ሓወቦ።

«የት ተስማማ?» አለች እናቴ። «እየተሳደበ ነው እንጂ! ይሄን ደሓን እኔ አውቀዋለሁ፤ ምሳ ላይ ሽሮው ጨው ሲበዛበት ያለው ነው።»

ሳቅን። ስንስቅ ግን አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ሁሉ ሰው ሲመርቅ፣ ሲያስቅ፣ ሲያዘፍን የኖረ ሰው የገዛ ልጁን ድምፅ እንደሌለው ሊሸኝ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቬሎውም፣ ድግሱም፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው እንግዳም ከሐሳቤ ወጣ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ አባቴ በራሱ አፍ እንዲመርቀኝ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር።

አርብ ጠዋት አባቴን ለፊዚዮቴራፒ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፤ በባጃጅ። መንገድ ላይ እንደ ልማዴ ጌሟን አወጣሁ። ሐሳብ ሲበዛብኝ እጄ ወደ እሷ ይሄዳል። ማዳመጫዬን ቤት ረስቼዋለሁ። ድምፁን ቀንሼ ስነካካ ባለ ባጃጁ ዘወር አለና፣ «ሓፍተይ፣ ጨምሪው እንጂ! የእኔ ቴፕ ከሞተ ቆይቷል» አለኝ።

ጨመርኩት። የከፈትኩት አባቴ ድሮ መኪናውን ሲያጥብ የሚያንጎራጉራትን ዜማ ነበር። ከበሮ የለው፣ ምን የለው፤ ከወራት በፊት ለራሴ መዝግቤ ያስቀመጥኳት ቀጭን ዜማ ብቻ። አንዴ ዞረች፣ ሁለተኛ ዞረች። ሦስተኛው ላይ አጠገቤ የሆነ ድምፅ ሰማሁ።

«ጓለይ...»

ባለ ባጃጁ የተናገረ መሰለኝ። ቀና ስል የአባቴ አፍ ነው የሚንቀሳቀሰው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ዜማውን ተከትሎ፣ ልክ ድሮ ባልዲውን አጠገቡ አስቀምጦ እንደሚያደርገው፣ «ንዒ ጓለይ... ጓለይ...» ይላል። ነይ ልጄ፣ ልጄ።

ጮህኩ። ባለ ባጃጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘና፣ «እንታይ ድኣ ኮይንኪ?» አለኝ። ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? «አባቴ ልጄ አለኝ!» አልኩት። ሰውየው እኔንም አባቴንም አየ፤ «ታዲያ ምን ይበልሽ?» ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስነግራት አልተገረመችም። «ይሄ የሚታወቅ ነው» አለች። «ንግግር የተያዘበት ሰው አንዳንዴ ዘፈን ይተርፍለታል። ቃሉን በዜማ ስጪው። አጭር አጭር አድርጊው። በደኅናው እጁ እየመታ ይበለው።»

«ለእሁድ ይደርሳል?»

«ለእሁድ ምን አለ?»

«ሠርጌ።»

ሣቀች። «እኔ ቃል አልገባም። ሞክሪ፤ እሱን ግን አታስጨንቂው።»

ዓይደር ግቢ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ፣ አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። ምርቃት በሦስት መስመር። የመጀመሪያው፦ «ጓለይ ጓለይ፣ ተመረቒ»፤ ልጄ ልጄ፣ ተመረቂ። ሁለተኛው፦ «ገዛኺ ይምላእ»፤ ቤትሽ ይሙላ። ሦስተኛውን እሱ ካለው ቃል ጀመርኩት፦ «ደሓን ኪዲ»፤ በደኅና ሂጂ። ብሩክን መጨመር ፈልጌ ነበር፤ አዲስ ስም ይከብደዋል ብዬ ተውኩት። ዜማው ያው የባጃጁ ዜማ ነው። ለሠርግ እንዲሆን ግን ከሥሩ ከበሮ ጨመርኩበት፤ ጌሟ ከበሮም ታወጣለች፣ ቆርቆሮ ቢመስልም። አሥራ ስድስቱንም ሳጥኖች አንድም ሳላስቀር ቆንጆ አድርጌ ሞላኋቸው። በሥራዬ ኮርቻለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ የተሻለ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤቱ በድግስ ሲናጥ እኔና አባቴ ጓዳ ገባን። ጌሟን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት፤ አብሬው መዘመር ጀመርኩ። «ጓለይ ጓለይ፣ ተመረቒ» አለ። ጥርት አድርጎ! እናቴ በር ላይ ቆማ በእጇ አፏን ያዘች። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን «ገዛ...» አለና ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው። «ጓለይ ጓለይ፣ ተመረቒ»፤ «ገዛ...»፤ ቆመ። እንደገና። ያው። የሆነ ግንብ ያለ ይመስል፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይጋጫል።

ቃሉ ከብዶት ነው ብዬ ቃሉን ቀየርኩ። አልሆነም። ዜማውን አቀለልኩ። አልሆነም። ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ይባስ ብሎ የመጀመሪያውም መስመር ጠፋበት። በመጨረሻ አባቴ እጁን ጌሟ ላይ ጫነና ድምፅዋን አፈነው። ከዚያ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ከበሮውን በአገጩ አሳየኝ።

«አይዞህ ኣቦይ» አልኩት እጁን እየደባበስኩ። «ከበሮህ እንደናፈቀህ አውቃለሁ። ስትድን ትመታዋለህ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ደሓን» አለ። ይሄኛውን ደሓን ለመተርጎም እናቴ አላስፈለገችኝም፤ ደደብ ነሽ ማለቱ ነበር። ለምን እንዳለኝ ግን አልገባኝም።

አመሻሹ ላይ ብሩክ ደወለ። እናቱና አክስቱ ከደብረ ብርሃን ገብተው ሆቴል አርፈዋል። «እንዴት ሆነ?» አለኝ፤ ስለ ምርቃቱ ነግሬው ነበር።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። አይደርስም፣ ብሩኬ።»

«ሓወቦ ይመርቁን፤ አባትሽ ደግሞ እጁን ይጫንብን» አለ። «እጁም ምርቃት ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ድምፁን ነው የምፈልገው።»

«እኔም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ቀን ስሜን ቢጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሳሎን ውስጥ ሓወቦ ካሕሳይ አዲሱን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መስታወት ፊት ቆመው ምርቃታቸውን ሲለማመዱ ይሰማኛል። ረጅም ምርቃት ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ሙሽራ ቁማ የምታረጅበት።

እሁድ ጠዋት ጸጉር ሠሪዋ መኝታ ቤቴ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ ያዘችኝ። ጥፍሬ ላይ ረጃጅም ሰው ሠራሽ ጥፍር ተለጥፏል፤ ግማሹ ጸጉሬ ተተኩሷል፣ ግማሹ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታየኛል። አባቴን ነጭ አልብሰው ዳሱ አፍ ላይ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ፊቱ የተከፋ ነው። ሴቶቹ ተሰባስበው፣ እንግዳ እስኪመጣ ሰውነት ለማሟሟቅ ጓይላ ጀመሩ። ከበሮውን የያዘችው ኣደይ ለተብርሃን ናት፤ አባቴ ከታመመ ወዲህ የእሱን ቦታ የያዘችው እሷ ናት።

ከበሮው ሲመታ የአባቴ ግራ እጅ ተነሣ። ወንበሩ ክንድ ላይ፣ ከኣደይ ለተብርሃን ጋር እኩል፣ አንድም ሳይስት መምታት ጀመረ። ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ዝም ብዬ እያየሁ በልቤ ቆጠርኩ። አምስት ነው። እንደገና ቆጠርኩ፤ አምስት። የእኔ ከበሮ ግን አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት ነው። አሥራ ስድስት ሳጥን ስለሰጠችኝ አሥራ ስድስቱንም ሞላሁ!

ልጅ ሆኜ ከዚያ ከበሮ ሥር ነው ያደግሁት። ትከሻዬ ያውቀዋል፤ ስጨፍር ተሳስቼ አላውቅም። ጌሟን ስይዝ ግን አንድም ቀን ትከሻዬን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ሳጥኑ ያዘዘኝን ነው የማደርገው። አባቴ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር እንደምንም ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የእሱ እጅና የእኔ ቆርቆሮ ይለያያሉ። ቃሉ አልነበረም የከበደው። ጠረጴዛውን የመታው፣ ከበሮውን በአገጩ ያሳየኝ፣ ይሄን ሊነግረኝ ነበር። እኔ «አይዞህ» አልኩት! ደሓን ማለቱ ሲያንሰኝ ነው።

«ጌሜን!» ብዬ ተነሣሁ።

«ኣንቲ፣ ጸጉርሽ!» ጮኸች ጸጉር ሠሪዋ፣ ካውያውን በአየር ላይ እንደያዘች። «የምን ጌም ነው ዛሬ? ሙሽራ አይደለሽም እንዴ!»

ከትራሴ ሥር አወጣኋት። ረጃጅሞቹ ጥፍሮች ቁልፎቹን አላስነካ አሉኝ፤ አንዱን ስጫን ሁለት ይነካሉ። የሁለቱን አውራ ጣቶቼን ጥፍር በጥርሴ ነክሼ ነቀልኳቸው። ጸጉር ሠሪዋ አማተበች። አሥረኛው ሳጥን ላይ «ተመለስ» የሚለውን ምልክት አስቀመጥኩ፤ አሥር ላይ ስትደርስ ወደ ላይ ተመልሳ እንድትጀምር። አምስትና አምስት። የቀሩትን ስድስት ሳጥኖች ባዶ ተውኳቸው። ከበሮውን ሁለትና ሦስት አድርጌ እንደገና ደረደርኩ፣ ዜማውን በላዩ ጎተት አድርጌ አስተካከልኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። አንዱን ሳጥን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማኋት። ትከሻዬ ሳላዘው ተነሣ።

«አሁን ገና ዘፈን ሆነ» አለች ጸጉር ሠሪዋ ካውያውን እየነቀነቀች። «በይ ተቀመጪ፣ በግማሽ ጸጉር ልትዳሪ ነው?»

ለመለማመድ ጊዜ አልነበረም። ብሩክ ከሚዜዎቹ ጋር ገባ፣ እልልታው ቀለጠ፣ እኔም ጌሟን በነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ብሩክና እኔ አባቴ ፊት ተንበረከክን። ሓወቦ ካሕሳይ ከአባቴ ጎን ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«ሓወቦ፣ በጃኹም ቁሩብ ይጠብቁኝ» አልኩ።

ጌሟን አውጥቼ የአባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጥኳት። ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። «ጌም ነው?» «ጌም ነው!» የብሩክ አክስት፣ «ኧረ ይቺ ልጅ!» ስትል ሰማኋት። ሓወቦ ካሕሳይ ዓይናቸው ፈጦ፣ «እንታይ ትገብሪ ኣለኺ?» አሉኝ። ምን እያደረግሽ ነው ማለታቸው ነው። ፊቴ ነደደ። ባይሆንስ? ያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴ «ገዛ...» ብሎ ቢቆምስ? ላድነው የፈለግሁት ሰው ፊት ላይ ሁለተኛ ኀዘን ልጨምር ነው ብዬ ፈራሁ። እጄን ልመልስ ስል ብሩክ ክርኔን ነካ አደረገኝ። «ክፈቺው» አለ በሹክሹክታ።

ከፈትኩት።

ከዚያች ከጥፍር የማትበልጥ ስፒከር የወጣው ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። አባቴ ግን ሰማ። ከበሮው አንዴ ዞረ፤ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ቀና አለ። አየኝ። ግራ እጁ ከወንበሩ ክንድ ተነሥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ እዚያው መምታት ጀመረ።

«ጓለይ ጓለይ፣ ተመረቒ» አለ።

ዳሱ ውስጥ የሆነ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ግንቡ ነው።

«ገዛኺ... ይምላእ።»

አለፈው! ከሴቶቹ መሐል ቀስ ያለ የከበሮ ድምፅ ተነሣ፤ ኣደይ ለተብርሃን የጌሟን ምት ይዛ በጣቶቿ ጫፍ ታጅበዋለች። አባቴ ድምፁ ጠነከረ። «ደሓን ኪዲ፣ ጓለይ፣ ደሓን ኪዲ።» በደኅና ሂጂ ልጄ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሁሉን ነገር ያለባት ቃል በመጨረሻ ቦታዋን አገኘች። እንባዬ ሜካፑን ይዞ ወረደ፤ ለጸጉር ሠሪዋ አዘንኩላት።

እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። የጻፍኩት ሦስት መስመር ነው። ጌሟን ለመዝጋት እጄን ስዘረጋ አባቴ በጉልበቱ ገፋኝ። እጁን ከእኔ ትከሻ አንሥቶ ወደ ጎን ወሰደና ብሩክ ትከሻ ላይ አሳረፈው። አንድ ዙር በዝምታ መታ። ሁለተኛውን ዙር በዝምታ መታ። ከንፈሩ ሲፈልግ ይታየኛል።

«ወደይ» አለ። ልጄ፣ ለወንድ ልጅ። «ወደይ... ብሩክ። ብሩክ ወደይ።»

ያን መስመር ማንም አልጻፈለትም። ብሩክ፣ ያ ስሜቱን የማያሳይ መምህር፣ ግንባሩን አባቴ ጉልበት ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ትስቅ ይሁን ታለቅስ መለየት አቃተኝ። አባቴ ቀና ብሎ ወንድሙን አየና፣ «ደሓን?» አላቸው።

ሓወቦ ካሕሳይ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እህ፣ ለእኔ ምን ቀረ?» አሉ።

«አሜን ይበሉ እንጂ!» አለች እናቴ።

«ኣሜን!» አሉ፤ ዳሱም «ኣሜን!» ብሎ ተቀበለ፤ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ኣደይ ለተብርሃን ከበሮዋን ወደ ፈጣኑ ምት ወሰደችው። የደብረ ብርሃን እንግዶች ሳይቀሩ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፤ እንደ እኔ አራት አራት እየመቱ ቢሆንም ማንም አልተቀየማቸውም። አባቴ ተቀምጦ በአንድ ትከሻው ብቻ ሰበቀ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው የእሱ ነበር። መሐል ላይ ጌሟን ሳያት ባትሪዋ አልቆ ስክሪኗ ጠፍቷል። መቼ ዝም እንዳለች አንድም ሰው አላወቀም።

ክቡን ስዞር ኣደይ ለተብርሃን ከበሮዋን ሳታቆም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ስዒርኪ» አለችኝ፤ አሸነፍሽ። በዚህ ጊዜ ጥያቄ አልነበረም።

እንግዲህ ገጠመኜ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አባቴ ግን ተአምር እንደሆነለት አታስቡ። ሲናገር ዛሬም ደሓን ብቻ ነው። መናገር የሚፈልገውን ትልቅ ነገር በዜማ እንሠራለታለን፣ ጥቂት ቀን ይለማመዳል፣ ያወጣዋል። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። የምሠራውን አልደብቅም፤ ሚኒባስ ውስጥ ማዳመጫዬን ለኣደይ ለተብርሃን አካፍላታለሁ፣ እሷም ታርመኛለች፤ ስታርም ደግሞ አትምርም። በሳምንት አንድ ከሰዓት ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ዓይደር እሄዳለሁ፤ ያቺ ባለሙያ ቃል የጠፋባቸውን ሰዎች ታገናኘኛለች። አንዲት አስተማሪ የልጆቿን ስም በዜማ መልሳ ይዛለች። አንድ አዛውንት ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ሚስታቸውን «በቃሽ!» ማለት ነበር፤ ሠራንላቸው፣ ሚስትየዋ እስካሁን አላናገሩኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ከእናንተ መሐል እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ያለ ካለ። እኔ አሁን ጌሟን ከመክፈቴ በፊት ሰውየውን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጬ እጁን አያለሁ። እስኪመታ እጠብቃለሁ። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኖቹን የምቆጥረው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲነግረኝ ውሎ «አይዞህ» ያልኩት ነገር ዛሬም ያመኛል፣ ያስቀኛልም።

ባለፈው እሁድ እኔና ብሩክ ለምሳ ቤት ሄደን ነበር። ሐኪም ስኳር ስለከለከለው እናቴ ለአባቴ ሻይውን ባዶውን አቀረበችለት። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ጌም የለ፣ ያስተማረው ሰው የለ፤ በገዛ ዜማው፦

«ሽኮር... ሽኮር... ሽኮር ኣምጽኢ!» ስኳር አምጪ!

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው፣ በይ አንቺው ቻዪው!» አለችኝ። ይህን እያለች ግን ቁምሳጥኑን ከፍታ ጣሳውን አወረደች፤ ግማሽ ማንኪያ ጨመረችለት። አባቴ አማሰለ፣ ጠጣ፣ ወደ ወንበሩ ደገፍ አለ።

«ደሓን» አለ። የዚያን ቀን ደሓን ማለት ደኅና ማለት ብቻ ነበር።